ሞላው የደከመ በር

ዌንደል፣

የጋራዡን በር እንዳትነካው። መኪናህን መንገድ ላይ አቁም፤ በረዶ ጠራጊው መኪና ቢቀብራትም የራስህ ጉዳይ ነው።

አባባ ሆስፒታል ተኝቷል። እኔ የመጣሁት ፒጃማውንና መነጽሩን ልወስድለት ነው።

ጠዋት የበረዶ አካፋውን ሊያወጣ ሲል በሩ ግማሽ ላይ ቆመበት። በእጁ ሊያነሳው ብሎ በሩን ከሞተሩ የሚለየውን ቀዩን ገመድ ሳበው። ያ ሁሉ ክብደት ትከሻው ላይ ወረደ። አጥንቱ ተሰብሯል።

በረዶው ሳይጀምር "በሩ ከብዷል፣ ክብደቱን የሚሸከመው ሞላ ደክሟል፣ ባለሙያ ጥራ" ስልህ ምን አልከኝ? "ሎርና፣ አንቺን ደግሞ የማያስፈራሽ ነገር የለም!" ከዚያ የሞተሩን ጉልበት ጨመርክና በሩ ሲነሳልህ ተስተካከለ ብለህ ፎከርክ። ደህና በር ከሞተሩ ተለይቶ እስከ ወገብ ሲያነሱት እዚያው ይቆማል። አንድ ቀን ሞክረኸው ቢሆን ኖሮ…

ተወው።

ነገ ጠዋት ባለሙያ ይመጣል። ቤት ሁንና ክፈትለት። ሞላውን ራሴ ልፍታ እንዳትል፣ የተወጠረ ስለሆነ ተወርውሮ ፊትህን ያፈርሰዋል፤ እኔ ሁለት በሽተኛ አላስታምምም። ማጠፊያዎቹን ዘይት መቀባት ብቻ ነበር ያንተ ሥራ። እሱንም አልሠራህም።

ፍሪጅ ውስጥ የዶሮ ሾርባ አለ። ለአባባ የሠራሁት ነው። ብላው፣ ይበላሻል።

አባባ አምቡላንስ ውስጥ እጄን ጨብጦ "ለዌንደል እንዳትነግሪው፣ ያዝናል" አለኝ።

ይኸው ነገርኩህ።

እህትህ ሎርና