እማዬ ካለችሽ ዝጊባት

ይድረስ ለእታለም፤

እንዴት ከረምሽልኝ? ያ በብርድ ጊዜ የሚያስቸግርሽ ወገብሽ እንዴት ነው? መርፌ ላይ ክር ማስገባትስ አስቸገረሽ ወይስ አሁንም «ያለ መነጽር ነኝ» እያልሽ ትኮሪያለሽ? የጋሼ ሳል ተሻላቸው? እኔን ከጠየቅሽኝ ሰውነቴም ሥራዬም ደህና ነው፤ ያመመኝ ነገር ቢኖር ጆሮዬ ላይ የዘጋሽው ስልክ ነው።

ይህን ደብዳቤ የምታመጣልሽ ለዕረፍት ወደ አገር ቤት የምትገባ፣ አብራኝ የምትሠራ ልጅ ናት። በእጄ የጻፍኩት ሆነ ብዬ ነው። ጽሕፈቴን «ዶሮ ብትጭር ይሻላል» እያልሽ ያሳደግሽው ነውና ማንም አስመስሎ ሊጽፈው አይችልም። ወንድሜ አቡሽ «የደወለችው እሷው ራሷ ናት» ብሎ ቢምልልሽም «አንተንም ሸውደውሃል» እንዳልሽው ነግሮኛል። ከዚያ ወዲህ የኔን ቁጥር ስታዪ «ይህንንም ሰርቀውታል» ብለሽ ስልኩን ከጨርቁ ክምር ስር ትቀብሪዋለሽ አሉ። እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳሽ።

ባለፈው ዓመት ከካውያ ብዛት እጄን ሲያመኝ የታከምኩበት ክሊኒክ አለ። የበሽተኞች መዝገብ ያለበት ኮምፒውተር ውስጥ ሌቦች ገቡ። በር የሚሰብሩ እንዳይመስሉሽ፤ የት እንዳሉ እንኳ የማይታወቅ፣ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው የሚሰርቁ ናቸው። ስሜን ከነአያቴ፣ የተወለድኩበትን ቀን፣ የመታወቂያዬን ቁጥር፣ የምሠራበትን ሆቴል፣ «አንድ ነገር ብትሆኚ ለማን እንደውል?» ሲሉኝ የሰጠሁትን ያንቺን ስልክ፣ ሁሉንም ወሰዱት። ክሊኒኩ የነገረን ከወራት በኋላ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው።

የሰማሁ ቀን አንሶላ እየተኮስኩ ብዙ አሰብኩ። ሌባ ጫማ ቢሰርቅ ጫማው ከበራፍ ይጠፋል። ስሜ ግን ተሰርቆም እኔው ጋ አለ። ጎድሎብኝ የማየው ነገር የለም፤ የሆነ ቦታ ግን አንዲት የማላውቃት ሴት እኔን መሆን ትችላለች። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ትይኝ ነበር፤ የኔው ሳልሞት ያለኔ መዞር ጀመረ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ፈራሁ።

የሰው መረጃ እንደ ሸቀጥ ይቸረቸራል አሉ። የኔም ተሽጦ ተሽጦ ቋንቋችንን ከምትናገር ሴት እጅ ደረሰ፤ ወዳንቺ የደወለችው እሷ ናት። እየተንሰቀሰቀች ስለነበር ድምጿን መለየት አልቻልሽም። ስሜን፣ ሆቴሉን፣ እጄን መታመሜን ሳይቀር ነገረችሽ። ከዚያ «ስልክሽ ላይ የገባውን ቁጥር አንብቢልኝ» አለችሽ። ያ ቁጥር ባንኩ «በእርግጥ አንቺ ነሽ?» ለማለት የሚልከው የምስጢር ቁጥር ነው። ሂሳቡን የከፈትኩት ከመሄዴ በፊት ባንቺ ስልክ ስለነበር እስካሁን የሚመጣው ወዳንቺ ነበር። ብታነቢላት ኖሮ ለባንኩ እሷ እኔ ትሆን ነበር፤ እኔ ደግሞ እኔ መሆኔን ሳስረዳ ዕድሜዬ ያልቅ ነበር።

አንቺ ግን አላነበብሽላትም። ለምን? «እማዬ» ስላለችሽ! እኔ አፌን ከፈታሁ ጀምሮ፣ አክስቶቼ ሲሉ ሰምቼ፣ እታለም እንጂ እማዬ ብዬሽ አላውቅም። ያን ሁሉ መዝገብ ሰርቀው ይህችን አላገኟትም። «የኔ ልጅ እማዬ አትለኝም፤ ሂጂ እናትሽን ፈልጊ!» ብለሽ ጠረቀምሽባት። አቡሽ ይህን ሲጽፍልኝ መተኮሻ ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን እንደ እብድ ሳቅኩ።

ሳቁ ሲያልቅ ፍርሃቱ መጣ። ብታምኛትስ ኖሮ? ካውያውን አስቀምጬ ደወልኩልሽ። «ሃሎ» ስትይ ከአፌ የወጣው «እማዬ!» ነበር። ከየት እንደመጣ እኔም አላውቅም። አንቺም «ደግሞ መጣሽ? አፈር ብዪ!» ብለሽ ዘጋሽው። ያቺ እማዬ የኔ ነበረች፣ እታለም። ይህን ሁሉ የምለፈልፈው እሷን እንድታውቂልኝ ነው።

አልተቀየምኩሽም። እንዲያውም ኮርቼብሻለሁ። እኔም እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም፤ ካርዱን አዘግቻለሁ፣ የምስጢር ቁጥሩ ወደ ራሴ ስልክ እንዲመጣ አስቀይሬያለሁ፣ ለፖሊስም አመልክቻለሁ። ለሁሉም ነገር አንድ የነበረውን የይለፍ ቃሌን ለየብቻ አድርጌዋለሁ። የባንኩ ሠራተኛ በስልክ «የምስጢር ጥያቄሽን መልስ ሌላ ሰው ያውቀዋል?» ስትለኝ ግን ሳቄ አመለጠኝ። ጥያቄው «እናትሽ ከማግባቷ በፊት ስሟ ማን ነበር?» የሚል ነው። ሴት ስታገባ ስሟ ከሚቀየርበት አገር ቀድተው ያመጡት መሆን አለበት። ያንቺ ስም እኮ፣ ከነአባትሽ፣ ከልብስ ስፌት ቤትሽ በር በላይ በቀይ ቀለም ተጽፎ ሰፈሩ ሁሉ ፊደል የቆጠረበት ነው! ቁልፋችንን ለአላፊ አግዳሚው ሰቅለንለት ኖረናል። አሁን መልሱን ቀይሬ ውሸት አስገብቻለሁ።

አንቺም ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ስሚኝ። የምስጢር ቁጥር ለማንም አታንብቢ፤ ባንክ ነኝ ለሚልሽም፣ ለኔም ቢሆን። የመታወቂያሽን ፎቶ ላኪ የሚልሽን እምቢ በይው። አስቸኳይ ነው ብሎ የሚያዋክብሽ ካለ ዝጊውና በምታውቂው ቁጥር ራስሽ መልሰሽ ደውይ፤ የእውነት ከሆነ ጉዳዩ አይሸሽም። እታለም ያለሽንም ሁሉ አትመኚ፤ ይህንንም ስም ጎረቤቱ ያውቀዋል። ጉልበቴ ላይ ያለው ጠባሳ ከምን እንደመጣ ጠይቂኝ። ክሊኒኩም ጠይቆኝ ነበር፤ ለጋሼ የነገርናቸውን፣ ያንኑ ከዛፍ መውደቄን አስመዘገብኩ። ስለዚህ ሌቦቹ ይዘውት የሄዱት ውሸታችንን ነው። እውነቱን እኔና አንቺ እናውቃለን። እዚህ የማልጽፈው አቡሽ በትከሻሽ በኩል እያነበበ ስለሆነ ነው። አንተ፣ ዞር በል!

ጋሼን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፤ ሳላቸውን ንቀው ብርድ ላይ እንዳይቀመጡ። አቡሽን ስለማለልኝ አመስግኚልኝ፤ ያለወትሮው እውነት ተናግሮ ሳይታመን መቅረቱ አሳዝኖኛል። አክስቶቼን አንድ በአንድ ሰላም በይልኝ፣ ትንሿ እንዳትቀየም ከእሷ ጀምሪ። አብራሽ የምትሰፋዋንም ልጅ እንዲሁ።

አሁን ስልኩን ከጨርቁ ስር አውጪው፤ እሁድ እደውላለሁ። እታለም ብዬ እጠራሻለሁ፣ አንቺም ስለ ጠባሳው ትጠይቂኛለሽ። እማዬ የምትልሽ ከመጣች ዝጊባት። ብታለቅስም፣ ድምጿ ቁርጥ የኔን ቢመስልም ዝጊባት። ያን ቃል እኔ ለመምጫዬ ቀን አስቀምጬዋለሁ። በራፍሽ ላይ ቆሜ እልሻለሁ፤ ያኔ ግን እንዳትዘጊብኝ።

ልጅሽ

ከሆቴሉ ጀርባ፣ ከሠራተኞች ማደሪያ
ጥር ፲፬ ቀን