ባዶ መሬት ያጠጣንበት ዓመት

ጥር 12 ቀን 1957

አሁንም ሽንኩርት ማረም። ረመዳን ነው፤ ጉሮሮዬ ደርቋል። እኔና መሊካ ጎን ለጎን ቁጢጥ ብለን ዋልን። የመጨረሻውን መደብ ጨርሰን ቀና ስንል የመጀመሪያው መልሶ አረንጓዴ ለብሷል።

"እማ፣ የትምህርት ቤት ልጆች አሁን ምን እያደረጉ ነው?" አለችኝ። ምን ልበላት? "ይጽፋሉ" አልኳት። አሉማዋን መንቀል ቀጠለች። እኔ በሷ ዕድሜ ደሴ፣ አባዬ ሱቅ ሳለን፣ እጄ ላይ የነበረው እርሳስ ነው። የሷ ጣት በአፈር ተሰነጣጥቋል።

ጥር 15

ካፈጠርን በኋላ ባሌን አብዶን ጠየቅሁት። መሊካ በመስከረም ከሚሴ ትምህርት ቤት ትግባ አልኩት። ክፉ ሰው አይደለም፤ እምቢ አላለም። "አረሙንስ ማን ያርማል? አረሙ ከቀለለሽ ትሂድ" አለኝ።

ከየት ይቅለለኝ? እሱ ያርሳል፣ ውሃ ያዞራል፣ ገበያ ይወጣል። አረም የሴትና የልጅ ነው፤ ሲሆን የኖረው እንዲህ ነው። ይሄን ሁሉ አረም ያመጣው ግን እሱ ራሱ! አምና ከቆላ የመጡትን ከብቶች ባለቤቶቹን ለምኖ ማሳችን ላይ አሳደራቸው። ፍግ በነፃ አገኘሁ ብሎ እንዴት ተደስቶ ነበር። አፈሩ ወፍሯል፣ አልዋሽም። ከብቶቹ ግን የጨፋን ረግረግ ሣርና አረም ከነፍሬው ሲግጡ ከርመው ነው የመጡት። ይኸው ፍሬው ከፍጉ ጋር ወድቆ አሉማውና አስተናግሩ በእጅ የተዘራ መስሎ ወጣ።

የካቲት 3

ዒድ አልፏል። ድካሙ ግን አላለፈም።

የጎረቤታችን የረቢአ ቦይ ሞልቶ በኛ ማሳ ጥግ ወዳለው ባዶ መሬት ፈሶ ከርሟል። አረም ብቻውን ግጥም ብሎ በቅሎበታል። ሽንኩርት ስለሌለበት ሳልጠነቀቅ በመኮትኮቻ ላይ ላዩን ፋቅሁት። የተረፈ ችግኝ ነበረኝ፤ ከሚደርቅ ብዬ እዚያው ሰካሁት።

መጋቢት 9

ያ ጥግ... አረም የለውም! አንዳንድ ቦታ ብቻ ብቅ ብቅ ብሏል። አብዶ በበሬ ደጋግሞ ያረሰው ሌላው ማሳ ግን ተውጧል። ለምን? ማረሻው ከታች የተቀበረውን ፍሬ እያወጣው ይሆን? እኔ የነካሁት ላዩን ብቻ ነው። የላዩ በቅሎ አለቀ፣ የታቹ እንደተኛ ቀረ።

ለማንም አልተናገርኩም። ማን ይሰማኛል?

ሚያዝያ 20

ሽንኩርቱ ተነቅሎ አለቀ። ቀጥሎ በርበሬ ነው። ዛሬ ነገርኩት። "ችግኙን ሳንተክል ባዶውን መሬት አጠጣልኝ። አረሙ ይውጣ፣ ልፋቀው፣ ከዚያ እንትከል። በኋላ ግን እንዳታርሰው።"

"የውሃ ተራዬን ለአረም? ቦርከና ወንዝ እንዲህ መንምኖ?" ብሎ ሳቀ።

"አንድ ጊዜ ብቻ። ካልሆነ ስለ መሊካ ሁለተኛ አፌን አልከፍትም። ከሆነ ግን ትገባለች።"

"እሺ" አለ። ምን ነካኝ? ያ ረቢ... ልጄን አስያዝኩ እኮ።

ግንቦት 4

አጠጣ። የውሃ ተራ የሚያዙልን ሼህ ዘይኑ ቦዩ ዳር ቆመው "አብዶ፣ ምን ተክለህ ነው?" አሉት።

"ምንም።"

"ምንምን ታጠጣለህ?"

የቆመው ሰው ሁሉ ሳቀ። ረቢአም አላለፈችኝም፤ "አካም ቡልቴ ቶይባ፣ አረምሽ እንዴት አደረ?" አለችኝ። አብዶ እኔን ጥሎኝ ፊት ፊቴን ወደ ቤት ሄደ።

ግንቦት 15

ወጣ። መሬቱ አይታይም። አብዶ አይቶ ራሱን ያዘ። እኔ ግን በአረም ደስ አለኝ፤ ያበድኩ ሳይመስለው አልቀረም። እኔና መሊካ ስንፍቅ ዋልን፤ ፀሐዩ ወዲያው አጠወለገው።

ሐምሌ 18

በርበሬው አምሯል። ዝናብ ነውና አረም አይጠፋም፤ ቢሆንም ጧት ገብቼ ሳይረፍድ እወጣለሁ። ረቢአ መጥታ ማሳውን ዞረችው። "እቴ፣ ወላሂ ለኔም አሳዪኝ" አለች። አሳየኋት።

ነሐሴ 23

አብዶ ደስ ብሎት ገባ። "የሼህ ዘይኑን ጦም አዳሪ መሬት በእኩል ያዝኩት! አረሙ ቀሎልናል፤ አንቺና መሊካ ሁለቱንም ትችሉታላችሁ።"

"መሊካስ? ቃልህስ?"

"ለከርሞ፣ ኢንሻላህ።"

አልጮህኩም። ምን ብዬ ልጩህ? ያቀለልኩት እኔ ነኝ። ሥራ ባቀለልኩ ቁጥር ሌላ ሥራ ሊጨመርልኝ ነው? ለልጄ ያተረፍኩትን ጊዜ ለመሬት ሰጠብኝ። አረም እንዲህ አድክሞኝ አያውቅም።

መስከረም 10 ቀን 1958

ወሰድኳት።

ተደብቄ አይደለም። ጧት አጥቤያት፣ ሻሽ አስሬላት፣ አብዶ ፊት ቆምኩ። "አረሙ ቀሏል ብለሃል። የቀለለውን አንተ እረም" ብዬ መኮትኮቻዬን አስያዝኩት። መልሱን ሳንጠብቅ መንገድ ጀመርን።

መምህሩ ስሟን ሲጠይቋት ከኋላዬ ተወሸቀች። ቆይታ ግን ግቢው እስኪሰማ "መሊካ አብዶ!" አለች። አለቀስኩ። ሰው ፊት!

መስከረም 13

መኮትኮቻውን አልተቀበልኩትም፤ ዛሬም ብቻውን አረመ። ረቢአ ከቦዩ ማዶ ሆና "አብዶ፣ አብሽር! ሴት ሆነሃል" ስትለው ከደጅ ሆኜ ሰማሁ። እሱ ማረሙን ቀጠለ።

ሲመሽ ገባ። ግድግዳውን ይዞ ቀስ ብሎ ተቀመጠና "ወገቤን" አለ። ተጋብተን ስንኖር ይህን ቃል ከሱ አፍ ሰምቼ አላውቅም። ውሃ አሞቅሁለት። እግሩን ታጠበ።

"ቶይባ" አለኝ በኋላ፣ ቀና ሳይል። "ነገ የሼህ ዘይኑን መሬት እመልሳለሁ።"