በነዳጅነት ተመዝግቦ የተነቀለው ሶኬቴና ያለ እኔ ፈቃድ የተዘጋው ፋይል

ለመኖሪያ ሕንፃዎች አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
በያሉበት

ቀን፦ ሰኞ፣ መጋቢት 8

ጉዳዩ፦ የኤሌክትሪክ መኪናዬን ቻርጅ የማደርግበት ሶኬት ወደ ቦታው እንዲመለስልኝ እና በወንድሜ ማመልከቻ የተዘጋው ፋይሌ ዛሬውኑ እንዲከፈትልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

ይህ ለጽሕፈት ቤትዎ የማቀርበው አራተኛ አቤቱታ ነው። በመጀመሪያው ላይ ሰላምታዬ ረጅም ነበር። በሁለተኛው አሳጠርኩት። ሦስተኛውን ስጽፍ እጄ ራሱ ዝሎ ስለነበር ቀጥታ ወደ ጉዳዩ ገባሁ። አሁን ደግሞ ዓይኔን በጨው ታጥቤ ተመልሼ መጥቻለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ፣ ከታላቅ ወንድሜ ጋር አራተኛ ፎቅ ላይ የምኖር ሴት ነኝ። ቢሮ ለቢሮ መዞር ልማዴ አልነበረም፤ ይቅርታ ይደረግልኝና እዚሁ ነው የለመድኩት።

1. የወንድሜ ሁለቱም ኩላሊቶች ሥራ ካቆሙ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ከተማውን አቋርጠን እየሄድን አራት አራት ሰዓት ማሽን ላይ ይተኛል፤ ደሙ ታጥቦ ይመለሳል። አንድ ቀን ከቀረ እግሩ ያብጣል። ሁለት ቀን ከቀረ ትንፋሽ ያጥረዋል። ከዚያ በላይ ቢቀር ምን እንደሚሆን ሐኪሙ በጻፉት ወረቀት ላይ ሰፍሯል፤ አያይዤዋለሁ፣ እዚህ ልደግመው ግን አቅም የለኝም።

2. «ምን አስጨነቀሽ፣ እንደ ሰው ሌላ መኪና አትገዢም ነበር?» የሚሉኝ ብዙ ናቸውና ይህንንም ላስረዳ። ወንድሜ አርባ ዓመት የናፍጣ መካኒክ ነበር። ኮፈኑ ሳይከፈት ጆሮውን ጣል አድርጎ የሞተሩን ሕመም የሚናገር ሰው ነው። ከታመመ ወዲህ ግን ዕድሜውን ሙሉ የኖረበት ሽታ ጠላቱ ሆነ። ከማሽኑ ተነሥቶ የነዳጅ ጭስ ከሸተተው ያስመልሰዋል። ታክሲ ሞከርን፣ አውቶቡስ ሞከርን፣ የጎረቤት መኪና ለምነን ሞከርን። በየመንገዱ ዳር እያስቆምን፣ ፌስታል ይዤለት፣ ስንቱን ሹፌር ይቅርታ እንደጠየቅኩ እኔ ነኝ የማውቀው። በመጨረሻ የምታክመው ነርስ «ጭስ የሌለው መኪና ለምን አይፈልጉለትም?» አለችኝ። ያገለገለች ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና ፈልጌ ገዛሁ።

መኪናዋን ለመቃወም የመጀመሪያው ሰው ሌላ ማንም ሳይሆን እሱ ነበር። ድምፅ የሌለው መኪና ያኮረፈ ሰው ይመስላል አለ። ባትሪዋ ሳንጠግባት ይሞታል፣ ብትበላሽ የሚነካት መካኒክ አይገኝም፣ ዳገት መሀል ላይ ጥላን ትቆማለች አለ። ኋላ ወንበር ላይ ጋደም ብሎ ሦስት ሳምንት ሙሉ ይህንኑ እየደጋገመ ሄደ። በአራተኛው ሳምንት ከሕክምና ስንመለስ እንቅልፍ ወሰደው፤ ቤት ደርሰን ትከሻውን እስክነቀንቀው አልነቃም። ከታመመ በኋላ መንገድ ላይ ሳያስመልሰው ሲተኛ ያየሁት ያን ቀን ነው። መሪውን እንደያዝኩ ትንሽ አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ ስለ መኪናዋ ክፉ ሲናገር አልሰማሁም።

3. ሶኬቱ በምድር ቤቱ የመኪና ማቆሚያ፣ በራሴ ቆጣሪ፣ ፈቃድ ባለው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ የነዋሪዎች ኮሚቴ በጽሑፍ ፈቅዶልኝ የተገጠመ ነው። ስምንት ወር ያለ አንዳች እንከን አገለገለኝ። ነገሩ የተበላሸው አንድ ጎረቤት የኤሌክትሪክ መኪና ሲነድ የሚያሳይ ቪዲዮ ለነዋሪው በሙሉ በስልክ የላኩ ዕለት ነው። በሦስተኛው ቀን ስብሰባ ተጠራ።

በስብሰባው የተነሡትን ተቃውሞዎች ቃለ ጉባኤው «ልዩ ልዩ አስተያየቶች ተሰጥተዋል» ብሎ ስላለፋቸው እኔ ልጻፋቸው። ሁለተኛ ፎቅ የሚኖሩት፣ ሥራቸው በርና መስኮት መሸጥ ቢሆንም ሁላችንም «ኢንጂነሩ» የምንላቸው ሰው፣ ባትሪው አንድ ቀን ሁላችንንም ይዞን ይሄዳል አሉ። አይቃጠልም ብዬ አልተከራከርኩም፤ ቤንዚን የጫነውም ይቃጠላል፣ ግን የእርስዎን መኪና ከሕንፃው አውጡ ያለዎት የለም አልኩ። አንደኛ ፎቅ ያሉት የልጆች እናት፣ ድምፅ ስለሌላት ልጆቻችንን ትገጭብናለች አሉ። ይኼኛው እውነት አለው። ግቢ በገባሁ ቁጥር ጥሩምባ እነፋለሁ ብዬ ቃል ገባሁ፤ ነፋሁም። በሁለተኛው ሳምንት ጥሩምባዬ ነዋሪውን ረበሸ ተብሎ ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ። ዝናብ ሲዘንብ ሕንፃው እንዳለ ኤሌክትሪክ ይይዘዋል ያሉም ነበሩ። አሳንሰሩን ያቆመችው የእኔ መኪና ናት የተባለም አለ። አሳንሰሩ የቆመው መኪናዋን ከመግዛቴ ከሁለት ዓመት በፊት መሆኑን ሁላችንም በጉልበታችን እናውቀዋለን። ሩቅ አትሄድም አሉኝ፤ ሩቅ የምሄድበት ጉዳይ የለኝም፣ ከቤት ሕክምና ከሕክምና ቤት ነው። ለመሙላት ሰዓት ትፈጃለች አሉኝ፤ እኛ ስንተኛ እሷ ትሞላለች፣ የሚያስቸኩል ነገር የለም አልኩ። ሁሉንም ስመልስ አመሸን። የተረዳኝ ግን ያለ አይመስለኝም።

በጎረቤቶቼ አልፈርድም። ሰው ከፈራ ፈራ ነው። እኚያው የልጆች እናት ወንድሜ ከሕክምና ተመልሶ ደረጃውን ሲወጣ ደጃፋቸው ላይ ወንበር አውጥተው ያሳርፉታል፤ አንድም ቀን ረስተው አያውቁም።

4. ኮሚቴው መወሰን ስላቃተው ጽሕፈት ቤትዎ ተቆጣጣሪ ላከ። ተቆጣጣሪው ጨዋ ሰው ናቸው፣ በእሳቸው ቅሬታ የለኝም። የያዙት ቅጽ ግን «በመኖሪያ ሕንፃ ውስጥ የተከማቸ ነዳጅ መመርመሪያ» ይላል። ለኤሌክትሪክ መኪና የሚሆን ቅጽ የለም አሉኝ። ታዲያ የማይመለከተውን ክፍት ይተዉት ብላቸው፣ ኮምፒውተሩ ባዶ ቦታ አይቀበልም አሉ። ስለዚህ «የነዳጁ ዓይነት» በሚለው ላይ «ኤሌክትሪክ» ብለው ጻፉ። «የተከማቸበት ዕቃ» በሚለው ላይ «ግድግዳ» አሉ። «ከመኖሪያ ቤት ያለው ርቀት» የሚለው ላይ ሲደርሱ ጥቂት አሰቡ፣ ሜትራቸውን አወጡ፣ መልሰው ኪሳቸው ከተቱት፤ ከዚያ «ዜሮ» ብለው ሞሉ። ይህን ሁሉ ሲጽፉ ወረቀቱን ያስደገፉት ለሕንፃው ጄነሬተር በተቀመጠው የናፍጣ በርሜል ላይ ነበር። በርሜሉን ባሳያቸው፣ የታዘዙት ለሶኬቱ ብቻ እንደሆነ በትሕትና ነገሩኝ።

በሁለት ሳምንቱ ከጽሕፈት ቤትዎ የወጣው ደብዳቤ፣ «በግድግዳው ውስጥ የተከማቸው ነዳጅ ከመኖሪያ ቤቶች ቢያንስ ሃምሳ ሜትር እንዲርቅ» ያዛል። ሠላሳ አንድ ዓመት የፈተና ወረቀት ሳርም ብዙ ጉድ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ መልስ ግን ገጥሞኝ አያውቅም። ደብዳቤውን ያነበቡት የኮሚቴው ሊቀመንበር ራሳቸው አፋቸውን ይዘው ቀሩ፤ ማህተም ስላለበት ግን ምን ላድርግ አሉ። በማግስቱ ሶኬቱ ተነቀለ፣ የሽቦው ጫፍ በፕላስተር ተጠቀለለ። ያው «ነዳጅ» ፍሪጄንም ምድጃዬንም እያንቀሳቀሰ በየክፍሌ አለ። የናፍጣው በርሜልም ካለበት አልተነቃነቀም።

5. ሶኬቱ ከተነቀለ ሰባት ወር ሆነው። የሕዝብ ቻርጅ ማድረጊያ ያለው ከሕክምናው ቦታ በተቃራኒ አቅጣጫ ነው። ሁለት ማሽን አለው፤ አንዱ ላይ «ጥገና ላይ ነው» የሚል ወረቀት ከተለጠፈ ከርሟል። ወንድሜን ኋላ ወንበር ላይ አስተኝቼ ወረፋ እይዛለሁ፤ ሁለት ሰዓትም ሦስት ሰዓትም ይፈጃል። ከማሽን የወረደ ሰው የሚያስፈልገው አልጋው ነው። እሱ ሲታከም ሄደሽ ለምን አትሞዪም ይሉኝ ይሆናል። አድርጌዋለሁ። እኔ ወረፋ ላይ ሳለሁ የደም ግፊቱ ወርዶ ራሱን ሳተ፤ ሲነቃ ስሜን ሲጠራ እንደነበር ነርሷ ነገረችኝ፣ እኔ አልነበርኩም። ሁለተኛ አልሞከርኩትም። ከወጥ ቤቴ መስኮት አራት ፎቅ የሚወርድ ኤክስቴንሽንም ዘርግቼ ነበር። ኮሚቴው በዚያው ቀን አስነሣኝ፤ በእሱስ ልክ ነበሩ።

ባለፈው ወር መኪናዋ የሚያደርሳት ኃይል ስላልነበራት ወንድሜ በተለያየ ሳምንት ሦስት ቀን ከሕክምናው ቀርቷል።

6. በዚህ ሁሉ ጊዜ እግሬ እስኪቀጥን ተመላልሻለሁ። የመጀመሪያው አቤቱታዬ ላይ «ለባለሙያ ይመራ» ተብሎ ተጻፈ። ሁለተኛው ላይ «ከመጀመሪያው ጋር ይያያዝ»። ሦስተኛው ላይ «ከሁለቱ ጋር ይያያዝ»። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ገና በሩ ላይ ስታየኝ «ቲቸር፣ ወንበር ሳብ ያድርጉ» ብላ ሳልጠይቃት ፋይሉን ታወጣለች። ልጅቷ ምን ታድርግ። ፋይሉ ግን አምሮበታል፣ ወፍሯል።

7. አሁን ወደዚህ ያመጣኝን ልናገር። ባለፈው ረቡዕ እኔ ገበያ በወጣሁበት ወንድሜ ብቻውን አራት ፎቅ ወርዶ፣ ታክሲ ተሳፍሮ፣ ጽሕፈት ቤትዎ መጥቶ ነበር። ከአልጋው እስከ መታጠቢያ ቤት ግድግዳ ተደግፎ የሚሄድ ሰው ነው። በእጁ ጽፎ ያስገባው ማመልከቻ አምስት መስመር ነው፦ «ባለጉዳዩ እኔ በሽተኛው ነኝ። እህቴ የምትንከራተተው ስለ እኔ ነው። እኔ ሶኬቱን ስለተውኩት ፋይሉ ይዘጋልኝ። እሷን ከዚህ በኋላ እንዳታመላልሷት እለምናለሁ። ስለ ትብብራችሁ አመሰግናለሁ» ይላል።

መልሱ በማግስቱ ወጣ። ቁጥር አለው፣ ፊርማ አለው፣ ማህተም አለው። «ባለጉዳዩ ጉዳያቸውን ስለተዉ ፋይሉ ተዘግቷል።» እኔ በሰባት ወር ያላገኘሁትን መልስ እሱ በአንድ ቀን አገኘ።

ያን ዕለት፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ልንሄድ ስንል የሌሊት ልብሱን እንደለበሰ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ አገኘሁት። «እታለም፣ ዛሬ እንኳ አንሂድ» አለኝ። አልጠረጠርኩም፣ ደክሞት መሰለኝ። ከሰዓት በኋላ ጥበቃው ደብዳቤውን ይዘው ሲመጡ ነው የገባኝ። ወንድም ጋሼ እያልኩ ያደግኩበት ሰው ላይ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኽኩበት። እሱም ወረፋ ላይ መሪው ላይ ተደፍቼ ሳንቀላፋ በመስታወቱ ሲያየኝ እንደከረመ፣ እኔን ቀድሞ መቅበር እንደማይፈልግ ነገረኝ። እኔ ወረፋ የምቆም ከሆነ አልሄድም አለ። ታክሲ ልጥራ ብለው እሱንም እምቢ አለ። በጣም አዝኜበታለሁ፤ ደግሞም አንጀቴን በልቶታል። ይህ ለቢሮ የሚጻፍ ነገር አለመሆኑን አውቃለሁ፣ ግን ሌላ የምጽፍለት የለኝም።

ቅዳሜም አልሄደም። ዛሬ ሰኞ እግሩ አብጦ ጫማ አልገባ ብሎታል፣ የሚተነፍሰውም ተቀምጦ ነው። ነገ ካልሄደ ምን እንደሚመጣ ሐኪሙ ጽፈዋል።

ስለዚህ ክቡር ኃላፊ፦

ሀ. ፋይሉ ዛሬ ቢሮው ከመዘጋቱ በፊት እንዲከፈትልኝ፤

ለ. ኤሌክትሪክን ነዳጅ ያለው ደብዳቤ ተሽሮ ሶኬቱ እንዲመለስልኝ፤ አዲስ ምርመራ ካስፈለገም ቅጽ ይቅርና ዓይን ያለው ሰው እንዲላክልኝ፤

ሐ. ሶኬቱ ዛሬ ባይደርስ እንኳ እንዲመለስ መታዘዙን የሚገልጽ ወረቀት በእጄ እንዲሰጠኝ፤ ወንድሜ ወረቀት ካላየ አያምነኝም፣ ማህተም ካየ ግን ይነሣል፤

መ. የእሱን ማመልከቻ በአንድ ቀን የጨረሱት ሠራተኛ ማን እንደሆኑ አላውቅም፤ የእኔንም እሳቸው እንዲይዙልኝ፤

በትሕትና እጠይቃለሁ። የመልሱን ወረቀት እስካገኝ መዝገብ ቤት ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ።

በመጨረሻም ወንድሜ ባለጉዳዩ እኔ ነኝ ብሎ ጽፏል፣ ጽሕፈት ቤትዎም ሳያጣራ ተቀብሎታል። ሁለታችሁም ተሳስታችኋል። መኪናዋ የተመዘገበችው በስሜ ነው። ቆጣሪውም በስሜ ነው። በሦስቱም አቤቱታዎች ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ወንድምየውም የእኔ ነው። አልተውኩትም።

ብዝልም ከማይጓደል አክብሮትና ሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
ጡረተኛ የሒሳብ መምህርት፣ አራተኛ ፎቅ

አባሪ፦ የሐኪም ወረቀት፣ የኮሚቴው ፈቃድ፣ በተቆጣጣሪው የተሞላው ቅጽ፣ የወንድሜ ማመልከቻና የተሰጠው መልስ

ግልባጭ፦
ለነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር
ለወንድሜ፤ ነገ ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ለብሶ እንዲጠብቀኝ