የኩላሊቱ መምህር ገብረጻድቃን ወልደሰንበት (1955–2017 ዓ.ም.)

ወዳጄ፣ ይህን ወረቀት ይዘህ በቂርቆስ ግቢ የቆምክ፣ አንቺም ወንበር አጥተሽ ግንቡን የተደገፍሽ፣ እስኪ ትንሽ ታገሡን። የሕይወት ታሪክ ሲነበብ ሰው ሰዓቱን እንደሚያይ እናውቃለን። ይሄኛው አጭርም ለስላሳም አይደለም። ሟቹ "ያማረውን ብቻ እንዳትጽፉብኝ" ብለው ተናዝዘዋል፤ ባለቤታቸውም እንደ ቃላቸው ጽፈዋል። የሚነበበው ለአንድ ነገር ነው፤ የእሳቸው ደም ሌላ ደም እንዳይጎትት።

መምህር ገብረጻድቃን ከአባታቸው ከአቶ ወልደሰንበት ሀብቴ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ ውድነሽ ገብሬ ጥር 15 ቀን 1955 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ ቂርቆስ ሰፈር ተወለዱ። ዕለቱ የቂርቆስ ንግሥ ስለነበር እናታቸው "ምጤን ይዤ ታቦቱን ሸኝቼ ነው የወለድኩት" ይሉ ነበር። አባታቸው ለገሃር ባቡር ጣቢያ የዕቃ ክፍል ሠራተኛ ነበሩ። ሠራተኛ ሰው ነበሩ፣ ግን እጃቸው ከባድ፣ ቁጣቸው ቅርብ። ገብረጻድቃን ፊደል ከመቁጠራቸው በፊት ቀበቶን አውቀውታል። ቀጥሎ ፊደሉንም ዳዊቱንም በዚሁ በቂርቆስ ደጅ ተማሩ፤ ከዚያም ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገቡ።

በ1970 ዓ.ም.፣ ገና በአሥራ አምስት ዓመታቸው፣ "ወረቀት በትነሃል" ተብለው ከደጃፋቸው ተያዙ። አልበተኑም። የበተነው ሌላ ልጅ ነበር፤ እሳቸውም ያውቁታል፣ ስሙን ግን አልሰጡም። ወፌ ላላ አሰሯቸው። እጅና እግራቸውን አንድ ላይ ጠፍረው በእንጨት ላይ ዘቀዘቋቸውና፣ አፋቸው ውስጥ ጨርቅ ጎስጉሰው ውስጥ እግራቸውን ገረፉ። እግሩ ሲፈነዳ ወደ ጭናቸው፣ ከጭናቸው ወደ ጀርባቸው ዞሩ። ገራፊው የዚያው ሰፈር ሰው፣ አብዮት ጥበቃ ነበር። ስሙ ይቅር፤ ልጆች አሉት።

ሲለቀቁ ጎረቤት ተጋግዞ በቃሬዛ አመጣቸው። ሽንታቸው እንደ ጠላ ጠቁሮ ወጣ። እናታቸው ነገሩን ምን ያውቁታል፤ ደንግጠው ጠበሉንም የቧንቧውንም ውሃ በጣሳ እያፈራረቁ ሲያጠጧቸው ሰነበቱ። በእግዚአብሔር ቸርነት ሽንቱ ነጣ፣ ቁስሉም ደረቀ። "ለምን ጠቆረ?" የሚለው ጥያቄ ግን ከልጁ ጋር አብሮ አደገ። የገብረጻድቃንን ትምህርት የመረጠላቸው ያ ግርፋት ነው።

በጤና ትምህርት ተመርቀው ሂስቶሎጂ የሚባለውን ያዙ። የሰውን አካል እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ አድርገው እየቆረጡ፣ ቀለም እየነከሩ፣ በማይክሮስኮፕ ማየት ማለት ነው። በካዛንቺስ በአንድ የግል ጤና ኮሌጅ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያስተምሩ ኖሩ። ዛሬ እዚህ ከቆማችሁት ነርሶችና የላብራቶሪ ሰዎች ብዙዎቻችሁ በእጃቸው አልፋችኋል። እንዲህ ይሏችሁ እንደነበር ታስታውሳላችሁ፤ ኩላሊት ውስጥ በዓይን የማይታዩ እልፍ የክር ልቃቂቶች አሉ፤ ክሩ የደም ሥር ነው። ደም በልቃቂቱ ሲያልፍ ይጣራል፤ የተጣራውም ወደ ጠመዝማዛ ቱቦ ይገባል። ቱቦውን ከውስጥ ያለበሱት ሴሎች ብሩሽ አላቸው፤ ስኳሩን፣ ጨውን፣ ውሃውን ለቅመው ወደ ደም ይመልሱታል። "ኩላሊት ቆሻሻን መርጦ የሚጥል አይምሰላችሁ" ይሉ ነበር። "ሴትዮ ለዓመት በዓል ቤት ስታጸዳ አይታችኋል? ዕቃውን ሁሉ ደጅ ታወጣለች፣ ከዚያ የሚጠቅማትን መልሳ ታስገባለች። ደጅ የቀረው ነው ሽንት።" ስለ ፊኛ ሲያስተምሩ ደግሞ፣ የግድግዳው ሴሎች ፊኛው ባዶ ሲሆን ተደራርበው እንደሚቆሙ፣ ሲሞላ ግን ተንሸራተው ጠፍጠፍ ብለው እንደሚተኙ ይናገሩና፣ "ልክ ከምሳ በኋላ እንደ እናንተ" ይሉ ነበር።

ይህን ቀጥሎ ያለውን ጻፉት ያሉት ራሳቸው ናቸው። በ1983 ዓ.ም. ሰኔ ላይ፣ መንግሥት በተለወጠ ሰሞን፣ ያንን ገራፊ ካዛንቺስ ሥጋ ቤት በር ላይ አገኙት። ትንሽ ሴት ልጁን እጇን ይዞ ነበር። ገብረጻድቃን ድንጋይ አነሱ። መቱት፤ ወደቀ። ከወደቀም በኋላ መቱት። መንጋጋው ተሰበረ፣ ጥርሱ ረገፈ፣ ደሙ የልጅቷን ነጭ ካልሲ አራሰው። የገላገለ አልነበረም፤ እንዲያውም ያጨበጨበ ነበር። ሰውየው እስኪሞት ድረስ ማኘክ አልቻለም። ገብረጻድቃን እፎይ እላለሁ ብለው ነበር፤ አላሉም። ንስሐ ገቡ፤ ከንስሐ አባታቸው ጋር ካሣ ይዘው ሄዱ። በሩን የከፈተችው ያቺው ልጅ ነበረች። አየቻቸውና መልሳ ዘጋችው።

በ1986 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሸዋአየሁ ኃይለገብርኤል ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ኤርሚያስንና ሶስናን ወለዱ። ትዳራቸው ጨዋታ ያለበት ነበር። ባለቤታቸው ጠዋት ሲጸልዩ "ልብ ያሰበውን፣ ኩላሊት ያጤሰውን የምታውቅ አምላክ" ሲሉ፣ እሳቸው ካልሲያቸውን እያጠለቁ "ሸዋ፣ ስንት ዘመን ውስጡን አየሁት፤ ጭስ የሚባል የለበትም" ይሉ ነበር። ባለቤታቸውም "ማጉያህ አንሶ ነው" ይሏቸዋል። ከካዛንቺስ ወጥተው ጎተራ ኮንዶሚኒየም ከገቡ በኋላም ጨዋታው ይኸው ነበር።

በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ ካዛንቺስ ሲፈርስ፣ ኮሌጁም ቦታውን ለቀቀ። በዚያ ሰሞን በመንደሩ ውስጥ ገና ካልፈረሰው ቤት በርና መስኮት የሚነቅል ሌባ ነበርና ወጣቶቹ ዱላ ይዘው ይጠብቁ ነበር። መምህር ገብረጻድቃን ማይክሮስኮፓቸውንና በስስ የብርጭቆ ቁራጭ ላይ የተደረደሩ የኩላሊት ናሙናዎቻቸውን፣ የዕድሜ ልክ ሥራቸውን፣ በማዳበሪያ ጠቅልለው ባምቢስ ወዳለው የአቶ ሸምሰዲን የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ሊያስቀምጡ ወረዱ። አቶ ሸምሰዲን ልጁን ሪሐናን ያስተማሩለት የቆየ ወዳጃቸው ነው። መንገድ ላይ ዝናብ ጣለ። ናሙናው እንዳይርስ ሮጡ።

አንድ ወጣት ማዳበሪያ ተሸክሞ የሚሮጥ ሰው አየና "ሌባ" ብሎ ጮኸ። ጉዳዩ በሕግ ስለተያዘ ስሙ እዚህ አልተጻፈም። ሰው ተሰበሰበ። አውርድ አሏቸው፤ እሳቸው ግን ማዳበሪያውን እንደ ሕፃን አቀፉት።

"ቀስ በሉ፣ መስታወት ነው፣ ይሰበራል" አሉ።

"የማንን መስኮት ነቅለህ ነው?" አላቸው አንዱ፤ አፋቸውን መታቸው።

ከዚያ በኋላ ማን ይሰማል። በዱላ፣ በድንጋይ፣ ከፍርስራሹ በተመዘዘ ፌሮ ወገባቸውን፣ ጭናቸውን፣ ክንዳቸውን ቀጠቀጡት። ማዳበሪያውን ባለመልቀቃቸው ባሰባቸው። ስለ ማርያም ብለው ሲለምኑ "ሌባም ማርያም ያውቃል" እያሉ ይስቁ ነበር። አቶ ሸምሰዲን ጩኸቱን ሰምቶ ከሱቁ ወጣ፤ አያቸው፤ በላያቸው ላይ ተደፋባቸው። "መምህር ናቸው፤ መጀመሪያ እኔን ግደሉኝ" አለ። ለሱ የተረፈው ፌሮ የትከሻውን አጥንት ሰበረው። ማዳበሪያው ሲቀደድ በሐምራዊና በሮዝ ቀለም የተነከረ ስስ ብርጭቆ አስፋልቱ ላይ ፈሰሰ። መስኮት አለመሆኑን ሁሉም አየ። ሰው አንድ በአንድ ሸሸ። መጀመሪያ የጮኸው ወጣት ብቻ ዝናቡ ላይ ተቀምጦ፣ ጣቱ እየተቆረጠ፣ ብርጭቆውን ሲለቅም ፖሊስ ደረሰ።

ሆስፒታል የተቀበለቻቸው የኩላሊት ሐኪም ዶክተር ቢፍቱ ለሊሳ፣ የቀድሞ ተማሪያቸው፣ ሽንታቸውን አይታ ዕቃውን ከደነችው። እሳቸው ግን በተሰበረ አፋቸው "ጠላ መሰለ አይደል? ንገሪያቸው፣ ሳትፈሪ" አሏት። ነገረችን። ሥጋ በዱላ ሲፈጭ ቀለሙን ወደ ደም ይለቃል፤ ልቃቂቱ ያሳልፈዋል፤ ቱቦው ውስጥ እንደ ጭቃ ረግቶ ይደፍነዋል፤ ባለብሩሾቹ ሴሎችም ይሞታሉ። ቀጥሎ ሽንቱ ጭራሹን ቆመ። ፊታቸው አበጠ፣ ትንፋሻቸው አጠረ፤ የኩላሊት እጥበት ጀመሩ።

ልጃቸው ኤርሚ ጎተራ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነው። የሽንት ከረጢቱን የሚያየው እሱ ነበር፤ በየቀኑ ባዶ ነው። ያ መጀመሪያ የጮኸው ወጣት በዋስ እንደተለቀቀ የሰማ ዕለት ፊቱ ተለወጠ። ለአባቱ ትራሳቸውን ሲያስተካክልላቸው በጃኬቱ ኪስ ውስጥ የተሳለ ካቻቢቴ ነካቸው።

"ሸዋ፣ ጭሱ ይኸውልሽ" አሉ ባለቤታቸውን።

ከዚያ ልጃቸውን አስቀምጠው የመጨረሻውን ትምህርት አስተማሩት። የቱቦው ሴሎች ቢሞቱም ከሥራቸው ስስ ምንጣፍ እንዳለ፣ ምንጣፉ ካልተቀደደ አዲስ ሴል እንደሚያበቅል፣ ከተቀደደ ግን ጠባሳ ብቻ እንደሚሆን ነገሩት። በ1983 ያደረጉትንም ያን ጊዜ ነው ያወቀው። "እኔ የሰበርኩት መንጋጋ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ያችን ልጅ ግን እስከ ምንጣፏ ቀደድኳት" አሉት።

"አባዬ፣ አንተ ይቅር ብትል እኔ አልልም" አለና ወጣ።

ወደ ወጣቱ ቤት ሄደ። በሩን የከፈተችው የወጣቱ እናት ናት። ኤርሚ ገፍትሯት ሊገባ ሲል ሁለት እጇን ዘርግታ በሩ ላይ ቆመች። ካቻቢቴው ለልጇ ተሰንዝሮ የእሷን መዳፍ ወጋው፤ በመዳፏ በኩል አልፎ ከበሩ እንጨት ጋር ሰፋት። አልጮኸችም። "እኔን ከወሰድክ እሱን ተውልኝ" ነው ያለችው። ኤርሚ እሱኑ ነቅሎ፣ ደሙን እንደያዘ አባቱ አልጋ ሥር መጥቶ ወደቀ። መምህር ገብረጻድቃን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ዋሉ። ያቺ ዕለት በሕይወታቸው የከፋች ነበረች፤ ከወፌ ላላውም ከፌሮውም።

በማግስቱ ከረጢቱ ውስጥ ጥቂት ሽንት ወረደ። ባለቤታቸው እልል ብለው ነርሶቹ ተቆጧቸው። እሳቸው ግን ኤርሚን ጠርተው ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥቶ እንዲያይ አደረጉት።

"ቀለሙ ምን ይመስላል?"

"ቀይ ሻይ።"

"ጥሩ ነው። በል አሁን ጣቢያ ሂድና እጅህን ስጥ።"

"አባዬ፣ ሲሻልህ እሄዳለሁ።"

"ከሄድክ ነው የሚሻለኝ" አሉት።

አቶ ሸምሰዲን በፋሻ በታሰረ ትከሻው ይዞት ሄደ። ኩላሊታቸው ቀን በቀን እየተመለሰ ነበር፤ ዶክተር ቢፍቱም ተስፋ አድርጋ ነበር። የጭናቸው ቁስል ግን አመርቅዞ ደማቸውን መረዘው። ኅዳር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሥጋ ወደሙን ከተቀበሉ በኋላ፣ በተወለዱ በስልሳ አንድ ዓመታቸው አረፉ። ኤርሚ ጣቢያ ስለነበር አልደረሰም። በማግስቱ ያቺ የተወጋች እናት ጣቢያ ሄዳ፣ እኔ አልከስም፣ አባቱን ይቅበርበት ብላ ለመነች። አቶ ሸምሰዲን ዋስ ሆኖለት፣ ይኸው ዛሬ ሣጥኑን ከፊት ይዞ የቆመው ኤርሚ ነው። የእሷ ልጅ ግን መምህሩ ሲያርፉ ዋስትናው ተነሥቶ አሁን በሕግ እጅ ነው።

መምህር ገብረጻድቃን ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሸዋአየሁን፣ ልጆቻቸውን ኤርሚያስንና ሶስናን፣ ያስተማሯቸውንም ሁሉ ትተው ሄደዋል። ላስታመማችሁ፣ ደም ለሰጣችሁ፣ ላለቀሳችሁ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈል። አምላከ ቂርቆስ ነፍሳቸውን፣ ስማቸው እንደሆነው፣ በጻድቃን ደጅ አገልጋይ አድርጎ ይቀበልልን። በዚያች ሰኔ የሠሩትንም አይቁጠርባቸው።

አንድ ነገር ብቻ ቀረን። ያቺ እናት ለቀብሩ እንደምትመጣ ልካብናለች። ጥቁር ለብሳለች፣ ቀኝ እጇ በፋሻ ተጠቅልሏል፤ ስትመጣ ታውቋታላችሁ። ከዘመድ ወገን "ግቢውን አትረግጥም" ብለው የማሉ እንዳሉ ሰምተናል፤ መሐላውን ካህናቱ ይፍቱላቸው። አፈር ከለበሱ በኋላ ወይዘሮ ሸዋአየሁ ወዳሉበት ትመጣለች። እባካችሁ፣ አሳልፏት።