የጉድጓዱን ውሃ ከነድፍርሱ

ለምሳሳልሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽ ተሻለው? ጉልበትሽስ ዳገት ስትወጪ አሁንም ይቆረጥምሻል? ቤቱ፣ ደጁ፣ ጎረቤቱ እንደምን ከረመ? ከሁሉም ከሁሉም የእህቴ ልጅ ድንቡሼ እንዴት ናት? ሆዷን ማመሙ አልተዋትም፣ ምግብም ጠልታለች ሲሉኝ ሐሳብ ገብቶኛል። ድንቡሼ ብዬ ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ ጉንጯ ጎደለ ሲባል እንዴት አልከፋ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደኅና ነኝ።

ሥራህ ምንድን ነው ላልሽኝ፣ እንዳትስቂ እንጂ፣ ልጅሽ ተምሮ ተምሮ ልጣጭ ለቃሚ ሆኗል። የብርቱካንና የሙዝ ልጣጭ፣ የለውዝ ቅርፊት ሰብስቤ አጥባለሁ፣ አደርቃለሁ፣ እፈጫለሁ። ከቤቴ በታች ያለችው ጭማቂ ሻጭ ጠዋት ጠዋት ጆንያውን ስታቀብለኝ፣ በጎቹን የት ደብቀሃቸው ነው ትለኛለች። ቤተ ሙከራችን ውስጥ ዱቄቱን ቱቦ ሞልተን እርሳስ ያለበትን ውሃ ስናሳልፍበት፣ እርሳሱን ይዞ ያስቀረዋል። እርሳስ ማለት ጎረቤታችን ባትሪ ጠጋኙ የሚያቀልጠው ብረት ነው። ውሃ ውስጥ ከገባ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፤ ልጆችን ግን ቀስ እያለ ይጎዳል። የእሱ ግቢና የእኛ ጉድጓድ አጥር ለአጥር ስለሆኑ ነው ከጉድጓዱ ውሃ ላኪልኝ ያልኩሽ።

የላክሽው ጠርሙስ ደረሰኝ። በሳሙና አጥበሽ፣ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለሽ! ስንመረምረው ከእርሳስ ነጻ ሆነና ደስታዬን አልቻልኩትም፤ አለቃዬን አቅፌ ልስማት ምንም አልቀረኝ። እሷ ግን ውጤቱን ደጋግማ አየችና፣ ለመሆኑ እናትህ ጉድጓድ ውስጥ ክሎሪን የሚጨምርላት ማን ነው አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ክሎሪን የቧንቧ ውሃ ላይ እንጂ የእኛ ጉድጓድ ውስጥ ከየት ይመጣል? ለእህቴ ስደውልላት መጀመሪያ ሳቀች፣ ኋላ ምስጢርሽን አወጣችው። ለካስ አንቺ ያንን ድፍርስ ለሰው አገር አልልክም ብለሽ፣ በዚያ ጉልበትሽ ዳገቱን ወጥተሽ፣ ከትምህርት ቤቱ ቧንቧ ተሰልፈሽ ቀድተሽልኛል!

እማዬ፣ እንዴት ብዬ እቆጣሻለሁ? ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። ገመናችንን መሸፈንሽ እንደሆነ ገብቶኛል፤ ነገር ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ? እኔ ዘንድ ንጹሕ ውሃ ክብር የለውም። አሁን ከጉድጓዱ ቅጂና ሳታጣሪ፣ ሳታፈዪ ላኪልኝ። ቤተሰቡን አፍልተሽ እንደምታጠጪ አውቃለሁ፤ ማፍላት ግን ተባዩን ይገድላል እንጂ እርሳሱን አያወጣውም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን እርሳሱ ይበረታል። አንቺ ደግሞ ሥራ አታጪም፣ ልጣጭ ፈጭተሽ እንዳትሞክሪ። ውሃው ውስጥ ያለውን የእርሳስ ልክ ሳላውቅ ማጣሪያ አልሠራም፤ እዚህ የሆነው ሁሉ እዚያም ይሆናል ብዬም አልዋሽሽም። ልጅቷን ግን ነገ ዛሬ ሳትሉ ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ ለእርሳስ ደሟን አስመርምሩልኝ። ባትሪ ጠጋኙንም እንዳትጣዪው፤ ልጆቹ ከእኛው ጉድጓድ ነው የሚጠጡት፣ እሱንም አስጠንቅቂው።

እህቴን ሳሚልኝ፤ ምስጢሬን አወጣች ብለሽ እንዳታኮርፊያት። አጎቴን ሰላም በዪልኝ፤ ጉድጓዱን የቆፈረው እሱ ነውና ቅር እንዳይለው፣ ጥፋቱ የቆፋሪው አይደለም በዪው። ድንቡሼን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳሚልኝ። ለእኔ ብለሽ የወጣሽውን ዳገት ከዛሬ ጀምሮ እህቴ ለእሷ ትውጣላት። ለልጅሽ የመረጥሽውን ውሃ ለእሷ አጠጪልኝ፤ የእሷን ለእኔ ላኪው።

ልጅሽ፣ ልጣጭ ለቃሚው
ከጭማቂ ቤቱ በላይ ካለችው ክፍሌ
ኅዳር 17 ቀን