የያሬድ እግር በሱዝዳል

ዓርብ፣ ጁን 6፣ ትሮይቪል

ከትምህርት ቤት መጥቼ፣ ወንድሜ ያሬድ ሩሲያ ሲማር በጥር የላከልኝን ቪዲዮ ከፈትኩ። ሱዝዳል የምትባል ትንሽ ጥንታዊ ከተማ ሊጎበኝ ሄዶ፣ እንደ አገራችን ጫማውን አንድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ በረዶው ውስጥ ያወልቃል። አንዲት አሮጊት ጫማውን አንስተው እየጮሁ ይከተሉታል። እሱ በአማርኛ "እሺ እማማ! እሺ!" እያለ ይሸሻል። ሳላስበው ጮክ ብዬ ሳቅኩ።

እማዬ ከነጥቁር ልብሷ ከጓዳ ወጣች።

"የወንድምህ አርባ እንኳን ሳይወጣ? ምን ያስቅሃል?"

አፍሬ ስልኩን ሰጠኋት። እሷም ትስቃለች ብዬ ነበር። ደጋግማ አየችው።

"ልጄን በርዶታል" አለች።

ከዚያ እግሬን አየች። ባዶ ነበር። ያሬድ ትቶት የሄደውን ወፍራም ካልሲ አምጥታ ራሷ አጠለቀችልኝ። እግሬ ሲሞቀኝ ይበልጥ አፈርኩ።