ካሜራው ሲሄድ አብሮ ለሄደው ማዳበሪያ

ለተከበሩ የወረዳችን የግብዓት ስርጭት ኃላፊ፣

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ክረምቱስ በሰላም ወጣልዎ? እኔ የሁለት ጥማድ መሬት ባለይዞታ፣ የሦስት ልጆች እናትና ባሌ የሞተብኝ እማወራ ውዳሴ ባንተአምላክ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከበቆሎዬ በቀር ደህና ነኝ።

፩. መንግሥት የደጎመውን ማዳበሪያ ግንቦት 19 ቀን ሲያከፋፍሉ ከቀበሌያችን እማወራዎች ሁሉ እኔን ስላስቀደሙኝ አመሰግናለሁ። ከማሳዬ ዳር ድረስ አራት ጆንያ በመኪና አምጥተው፣ በካሜራ ፊት እጄን ጨብጠው፣ «ደስ አለሽ?» ሲሉኝ «በጣም!» ብዬ ፈረምኩ። ከልቤ ነበር፤ ዋጋውን ጊደሬን ፍኖተ ሰላም ገበያ ሸጬ አስቀድሜ ከፍያለሁና። ካሜራው መኪና ላይ ሲጫን ግን ጆንያዎቹም አብረው ተጫኑ። የመጋዘን ሠራተኛው ስመኘው ዓይኔን ማየት አፍሮ፣ «እትዬ ውዳሴ፣ ነገ መጋዘን መጥተው ይውሰዱ፤ ይሄ ለሌላ ቀበሌ ርክክብም ይፈለጋል» አለኝ።

፪. በማግስቱም፣ ከዚያም በኋላ ሦስት ጊዜ፣ የሦስት ሰዓት መንገድ በእግሬ ስመላለስ በሩን ዘግተው ስላጠነከሩኝ አመሰግናለሁ። በመጨረሻው ቀን እርስዎን ራስዎን ባገኝ፣ መዝገቡን ገልጠው «ፈርመሻል እኮ፤ አገር በቴሌቪዥን አይቶሻል» አሉኝ። ቤቴ ቴሌቪዥን የለም፤ ማዳበሪያ ስቀበል ራሴን ያላየሁት እኔ ብቻ ነኝ ማለት ነው።

፫. ሰኔ 6 ቀን በጎረቤት ቀበሌ ሌላ ርክክብ መኖሩን ሰምቼ ሄድኩ። ተረካቢዋ ሸጋዬ የምትባል፣ እንደ እኔው ባሏ የሞተባት ገበሬ ናት። ፈረመች፣ አመሰገነች፣ ካሜራው ተዘጋ። ጫኞቹ ጎንበስ ሲሉ ሄጄ ጆንያው ላይ ተቀመጥኩ።

«ውረጂ!» አሉኝ።

«አልወርድም፤ የሷ ነው» አልኩ።

ሸጋዬ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ቀጥሎ አማቷ፣ ቀጥሎ ለማጨብጨብ የተጠራችው ሴት ሁሉ። ጫኞቹ እኛንም ከጆንያው ጋር ሊጭኑን አልደፈሩም። ሸጋዬ ማዳበሪያዋን አስቀረች። እኔ የሌላ ቀበሌ ሰው ነኝና ባዶ እጄን ተመለስኩ፤ መንገዱን ሁሉ ስስቅ መጥቼ፣ ማሳዬ ዳር ስደርስ አለቀስኩ።

በሦስተኛው ቀን «ርክክብ በማወክ» የሚል መጥሪያ ደረሰኝ፤ ቀርቤም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተቀበልኩ። ጽሕፈት ቤትዎ ሲፈልግ እንዲህ ቀልጣፋ መሆኑን በማየቴ ኮርቻለሁ።

ከዚህ በታች ላለው ነገር ቁጥር አልሰጠሁትም፤ ምስጋናም የለኝም። አምና ሃያ ኩንታል የሰጠኝ ማሳ ዘንድሮ ስድስት ሰጠኝ። ትልቋ ልጄ ሰብለ ዘጠነኛ ክፍልን አቋርጣ ቡሬ ሰው ቤት ተቀጥራለች። ስትሄድ «እማዬ፣ ደብተሬን አይጥ እንዳይበላው ስቀይልኝ» አለችኝ። ሰቅየዋለሁ። በየቀኑ አየዋለሁ።

እግዚአብሔር ሥራዎን እንደ እኔ በቆሎ ሳያቀጭጭ፣ ዕድሜና ጤና ሰጥቶ ለሚመጣው ግንቦት እንዲያደርስዎ እየለመንኩ፣ እጅ በመንሣት እሰናበታለሁ።

የዘወትር አክባሪዎ፣
ውዳሴ ባንተአምላክ
ኅዳር ወር

ማስታወሻ፦ ሸጋዬና ሌሎች አሥራ አንድ እማወራዎችም የየራሳቸውን ደብዳቤ ጽፈው እየላኩልዎ ነው። ከሁሉም ትሑቱ የእኔ ስለሆነ፣ ለጤናዎ ሲባል በዚህኛው ይጀምሩ።